አባት ሳይቀመጥ

እኛ ቤት ምሳ የሚጀመረው አባቴ እጁን ታጥቦ፣ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ማዕዱን ባርኮ ሲቆርስ ነው። ከዚያ በፊት ወደ መሶቡ የተዘረጋ እጅ የእናቴን ማማሰያ ይቀምሳል። «አባትህ ሳይቀመጥ!» ትላለች። ልጅ ሳለሁ ይህ እኔን ለማስራብ የወጣ ሕግ ይመስለኝ ነበር። ኮድ መጻፍ ስጀምር ግን ለካ ጃቫ የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋም ያደገው እናቴ ዘንድ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፕሮግራሚንግ ክላስ የሚባል አለ፤ የብሎኬት ማምረቻ ቅርጽ በሉት። ከቅርጹ የሚወጣው ብሎኬት ኦብጀክት ይባላል። አንዱ ክላስ ሌላውን መውረስ ይችላል፤ ተወራሹን አባት፣ ወራሹን ልጅ በሉት። ሐሳቡን ያመጡት ሲሙላ 67 የተባለውን ቋንቋ የሠሩት ሁለቱ ኖርዌያውያን፣ ኦሌ ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎርድ ናቸው። ውርስ ሲባል እኛ ትዝ የሚለን ፍርድ ቤት ነው፤ የአባት አርባ ሳይወጣ ወንድማማች ጠበቃ ይይዛል። እዚህ ግን አባት በቁሙ ይወረሳል። ልጆቹ አሥር ቢሆኑ ለአሥሩም ሙሉው ይደርሳቸዋል እንጂ የሚካፈል ነገር የለም።

ጃቫ ላይ የማይወረስ ነገር ግን አለ፦ ኮንስትራክተር። ኦብጀክቱ በሚወለድባት ቅጽበት የሚሠራ ኮድ ነው፤ ስም ያወጣል፣ ደመወዝ ይቆርጣል፣ ጎጆውን ያሟላል። ልጅ የራሱን ይጽፋል፤ ሆኖም አስቀድሞ የአባቱ መሠራት አለበት። መጥሪያው «ሱፐር» ይባላል። ሱፐርን መጻፍ ብትረሱ ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ፣ ራሱ በዝምታ ይጠራላችኋል። አባትየው «ስምና ደመወዝ ካልሰጣችሁኝ አልቀመጥም» የሚል ከሆነ ግን ኮምፓይለሩ ከየት ያምጣ? ኮዱን አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋል። ኩርፊያው ያናድዳል፤ ግን እውነቱን ነው።

ፓይተን የሚባለው ሌላው ቋንቋ ግን መረን ነው። ልጅ የራሱን ኮንስትራክተር ከጻፈ አባቱን ጠራው አልጠራው ማንም አይጠይቀውም።

በዚህ መረንነት ነው የተዋረድኩት። ለአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ፕሮግራም በፓይተን ሠርቼ ነበር። «ሠራተኛ» የሚባለው ክላስ ስም፣ ደመወዝና የዓመት ፈቃድ ይዟል። ኋላ ሾፌሮቹ የሚነዱት መኪና ታርጋ ይመዝገብ ስባል፣ «ሾፌር» የሚባል ልጅ ክላስ ጨመርኩና ከስምና ከደመወዝ ጋር ታርጋም የሚቀበል ኮንስትራክተር ጻፍኩለት። ሞከርኩት፤ ታርጋው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ተኩራርቼ ቡናዬን ጠጣሁ።

ወሩ መጨረሻ ላይ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛዋ ደወለች። «አንተ ልጅ፣ ፕሮግራምህ ሾፌሮቹ ጋ ሲደርስ ቆመ። ምን አረግካቸው?» ሄጄ አየሁ። ስክሪኑ ላይ በቀይ፦ «ሾፌር» የተባለው ኦብጀክት «ደመወዝ» የሚባል ነገር የለውም ይላል። ስምም የለውም። ሰውዬው ታርጋ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

በር ላይ የሚጠብቁት አንጋፋው ሾፌር ምን ችግር እንደተፈጠረ ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ደመወዝ የለዎትም ይላል።»

«እሱንማ ሚስቴም ትለኛለች፤» አሉ፤ «አዲስ ነገር ካለ ንገረኝ።»

ጥፋቱን ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ለማረም አንድ መስመር በቃኝ፦ ሱፐርን ጠርቶ ስምና ደመወዙን ለአባትየው ማቀበል። ያፈርኩት ግን በሌላ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የሚመጣው የገዛ አባታችን ስም ነው። ሙሉ ስሜን ስጽፍ አባቴን አብሬ እጠራለሁ። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ሲፈርም የኖረ ሰው ሱፐርን ይረሳል?

ጃቫ ራሱ ሰሞኑን ላላ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ ጀምሮ ሱፐር ተጽፎ ከተጠራ የግድ የኮንስትራክተሩ የመጀመሪያ መስመር መሆን ነበረበት። በ2025 በወጣው ጃቫ 25 ግን፣ ገና ያልተሟላውን ኦብጀክት እስካልተጠቀሙበት ድረስ፣ ከአባት በፊት ጥቂት መሥራት ተፈቅዷል። ለምሳሌ የተሰጠው ደመወዝ ከዜሮ በታች አለመሆኑን አይቶ ከዚያ አባትን መጥራት ይቻላል። ደግ አደረጉ።

ባለፈው እሑድ ይህን ተማምኜ እጄን ወደ መሶቡ ዘረጋሁ። እናቴ ቤት አሁንም የሚሠራው የ1995ቱ ነው።