ሞተሩ ወርዷል፤ ከዚያስ?

መኪና እንዴት እንደሚፈታ የሚያስተምሩ መጻሕፍት አንድ የጋራ አመል አላቸው። ሞተር ለማውረድ የትኛው ብሎን በየትኛው መፍቻ እንደሚላቀቅ፣ የትኛው ቱቦ ቀድሞ እንደሚነቀል፣ ዘይቱ ምን ላይ እንደሚቀዳ ከነሥዕሉ ገጽ በገጽ ይደረድራሉ። ሞተሩ መሬት ሲነካ ግን ቃል ያጥራቸዋል። ለመግጠም አፈታቱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ድገሙት ብለው ወደ ፍሬን ምዕራፍ ያልፋሉ።

ይህች ምክር ከማንም በላይ ከእንግሊዛዊው ጆን ሄይንስ መጻሕፍት ጋር ስሟ ይነሳል። ሄይንስ የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመደበው እዚሁ ጎረቤት፣ ከጅቡቲ ባሻገር ኤደን ነበር። እዚያ የባልደረባውን ያረጀች ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት መልሶ ሲያድስ፣ የፋብሪካው መመሪያ ለተራ ሰው እንደማይሆን ገባው። ስለዚህ እያንዳንዱን የመፍታት ደረጃ ፎቶ እያነሳ መጽሐፍ አደረገው። በ1966 የታተመው የመጀመሪያው 3,000 ቅጂ ሦስት ወር ሳይሞላው አለቀ። ሰውየውን ዋሸ ብሎ መክሰስ አይቻልም፤ እሱ እውነትም ፈትቷል፣ እውነትም ገጥሟል። ጣጣው ያለው መጽሐፉን ገዝቶ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ በፈጸመው አንባቢ ግቢ ውስጥ ነው።

መጽሐፍ የማያነበውም አልዳነም። የዘመኑ ሰው ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቪዲዮ እያየ ነው የሚፈታው። በቪዲዮው ላይ ያለው ባለሙያ አንዲት የዛገች ብሎን ለማላቀቅ ረጅም ሰዓት ሲታገል፣ ዘይት ሲቀባ፣ በመዶሻ ሲመታ፣ ሲራገም ሁሉ ይታያል። ሞተሩ ከወረደ በኋላ ግን ሙዚቃ ይለቀቃል፤ ሙዚቃው ሲያበቃ ሞተሩ ቦታው ገብቶ እየሠራ ነው። በመሐል ምን እንደሆነ የሚያውቀው ካሜራውን ያጠፋው ሰው ብቻ ነው።

ነገሩ በቶዮታ ሃይ ኤስ ሲሆን ይብሳል። በአዲስ አበባ ታክሲ ጋቢና ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ከወንበሩ ሥር የሚመጣውን ሙቀት አይረሳውም፤ ሞተሩ ያለው እዚያው ነው። ቶዮታ ይህን መኪና በ1967 ሲያወጣ ሾፌሩን ከሞተሩ በላይ አስቀመጠው። በአጭር ቁመት ብዙ ሰውና ብዙ ዕቃ እንዲይዝ የታሰበ ብልሃት ነው፤ ለባለ ንብረቱም ለረዳቱም በጅቷል። መካኒኩን ግን ማን ጠየቀው? ኮፈን ከፍቶ ከላይ ማንጠልጠል የለም። ወንበር ይነሳል፣ ክዳኑ ይነሳል፣ ባትሪና ራዲያተር ይፈታል፣ ዲናሞውና ሞተሪኖው ከነሽቦአቸው ይላቀቃሉ፣ ማርሚታው ይወርዳል፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ያ ሁለት ኩንታል ገደማ የሚሆን የናፍጣ ሞተር በሥር በኩል ይወጣል። ለመውጣት ደግሞ መኪናው ከሞተሩ ቁመት በላይ ከፍ ማለት አለበት።

እንግዲህ አንድ ባለ ሚኒባስ አለ እንበል፤ በየሰፈሩ አለና። መኪናዋ ዘይት መብላት ጀመረች። ጋራዥ ሲጠይቅ የእጅ ዋጋው ብቻ አስደነገጠው፤ እቤቴ አወርደዋለሁ፣ ማሳደሱን ብቻ ለባለሙያ እሰጣለሁ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ጎማው ሥር ድንጋይ ተደረገ። የጋቢናው ወንበሮች ወጥተው በረንዳ ላይ ተቀመጡ፤ ሳይውል ሳያድር ከቤቱ ሶፋ ይልቅ የሚመረጡት እነሱ ሆኑ። ጡረተኛው ጎረቤት እዚያ ላይ ተደላድለው፣ «አንተ ልጅ፣ ያችን አትንካ፣ መጀመሪያ ባትሪውን!» ይላሉ። «ነቅዬዋለሁ ጋሼ» ይላል ከሥር። «እና ለምን አልነገርከኝም?» አስተያየት ሰጪው ሲበዛ ባትሪ መብራቱን የሚይዝ ሰው አይገኝም፤ ይህ የትም ግቢ ያለ ሕግ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሁሉም ቫን እንዲህ አይደለም። ቮልስ ዋገን ኮምቢ ለምሳሌ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ለእቤት መካኒክ የታሰበ ይመስላል። ሐሳቡን በሚያዝያ 1947 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የጫረው ሆላንዳዊው መኪና አስመጪ ቤን ፖን ነው፤ ሥዕሉ ሳጥን ከነጎማው ነው፣ ሾፌሩ ፊት፣ ሞተሩ ኋላ። በ1950 ማምረት ተጀመረ። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የለውም፤ ራዲያተር ከሌለ የውሃ ቱቦ የለም፣ የሚደፋ ውሃ የለም። ከካምቢዮው ጋር የሚያያዙት ዋና ብሎኖች አራት ናቸው። ሽቦውን፣ የነዳጁን ቱቦና የጋዙን ገመድ አላቅቆ፣ ክሪክ ከሥር አስገብቶ፣ ሞተሩን ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉት ይመጣል። ክብደቱም አንድ ኩንታል ገደማ ነው። ብራዚል እስከ 2013 መጨረሻ ድረስ ስትሠራው ቆይታለች፤ በኋለኞቹ ዓመታት ግን እዚያም ውሃ የሚያቀዘቅዘው ሞተር ገብቶለት ፊቱ ላይ ራዲያተር ተለጥፎበት ነበር፤ ለቤን ፖን ሥዕል ስድብ ነው የሚሉ አሉ። ታላቅ ዘመዱ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ሽቅብ ሲንተፋተፍ የሚሰማው ቮልስ ነው። የቮልስ ባለቤቶች ሞተር ስለማውረድ ሲያወሩ ጥርስ ስለማስነቀል የሚያወራ ሰው ያህል እንኳ አይጨነቁም፤ ይህም የሃይ ኤስ ባለቤቱን ደም ያፈላዋል።

ቶዮታ ራሱስ ቢሆን? በ2019 ለውጭ ገበያ ያወጣው አዲሱ ሃይ ኤስ አጭር አፍንጫ አብቅሎ ሞተሩ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ወጥቷል። ሃምሳ ሁለት ዓመት ፈጀ። የበረንዳው ሸንጎ ይህን ዜና ሲሰማ ባለ ሚኒባሱን፣ «ትንሽ ብትታገስ ኖሮ» ብሎታል።

ወደዚያች «ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ድገሙት» ወደምትል አንድ መስመር እንመለስ። ሞተር ሲወርድ የመሬት ስበት ያግዛል፤ የመጨረሻው ብሎን ከወጣ ሞተሩ ራሱ መውረድ ይፈልጋል። ሲገባ ግን ሁለት ኩንታል ብረት ሽቅብ መሄድ፣ ሽቅብ ሄዶም በሚሊ ሜትር ልክ መቆም አለበት። ካምቢዮው በቦታው ከቀረ ዘንጉ በፍሪሲዮን ሸራው መሐል ባለው ጥርስ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ሸራው ለጥቂት ከመሐል ከሸሸ አይገባም። ባልገባበት ብሎን እያጠበቁ ልሳበው ያለ ሰው የካምቢዮውን ቤት ይሰነጥቃል፤ ሞተሩን ዘንጉ ላይ ያንጠለጠለ ደግሞ ሸራውን ያጣምማል። ሲፈታ ግን ስለ መሐል የሚጨነቅ ማንም አልነበረም።

ብሎኖቹም ያው አይደሉም። አንዱ ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል፣ አንዱ ጥርሱ አልቋል፣ የማርሚታው ጋስኬት ሲነሳ ተበጣጥሷል፤ የሌለን ነገር ደግሞ ወደ ኋላ መድገም አይቻልም። ዶሮ በልቶ አሥራ ሁለት ብልት ያወጣን ሰው፣ በል አሁን በዚያው ቅደም ተከተል ወደ ኋላ አስኪድና ዶሮዋን አስጩሃት እንደ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በሳቅ ያልፍ ነበር፤ አንድ የማያልፍ ነገር ባይኖር። ሞተር ሲወርድ ማንም ሰው ከሥሩ መሆን የለበትም፤ የለምም። ሲገባ ግን አንድ ሰው ከሥር ተኝቶ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ የሞተሩን እግር ከሻንሲው ቀዳዳ ጋር ማገናኘት ይኖርበታል። ያን ጊዜ መኪናውን የያዘው ምንድን ነው? በጋራዥ ቢሆን ሊፍት ወይም የብረት መደገፊያ ነው። በግቢ ግን ክሪክ ነው። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመያዝ አልተሠራም፤ ዘይቱን ቀስ እያለ ሊለቅ፣ በለስላሳ አፈር ላይ ሊያዘነብል ይችላል። ድንጋይ ደግሞ ተሰንጥቆ ይከዳል። መጻሕፍቱ ይህን ያውቃሉ፣ መግቢያቸው ላይም አስጠንቅቀው ጽፈዋል። ታዲያ ሥራው ተገልብጦ ሰው ከብረት ሥር በሚገባበት ገጽ ላይ፣ በትክክል በዚያ ገጽ ላይ፣ ወደ ኋላ ድገሙት ብሎ መሄድ ምን ዓይነት ድፍረት ነው? ቪዲዮውስ ሙዚቃውን የሚለቀው ለምን እዚያ ላይ ነው? የበረንዳው ሸንጎስ ቢሆን፣ ሁለት የብረት መደገፊያ ከየትም ተከራይቶ እስኪመጣ ማስቆም ሲችል፣ «አይዞህ፣ ግባ» የሚለው ምን ነክቶት ነው? ለቀብር ዕድር ገንዘብ የሚያዋጣ ሰፈር ለመደገፊያ ማዋጣት እንዴት ያቅተዋል?

ደግነቱ ባለ ሚኒባሱ አልገባም። ሞተሩ ታድሶ ከመጣ በኋላም ሸራ ለብሶ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል፤ ልጆች ይወጡበታል፣ እናትየው ያስወርዷቸዋል። ብሎኖቹ በወተት ጣሳ ውስጥ ናቸው። ጣሳው ከድሮም ባዶ አልነበረም፤ ከቀድሞ ጥገናዎች የተረፉ፣ የማንም ያልሆኑ፣ ግን ማንም ሊጥላቸው ያልደፈረ ብሎኖች ነበሩበት። አሁን የትኛው የሞተሩ፣ የትኛው የልብስ ማጠቢያው እንደሆነ የሚለይ የለም። ሶማሌ ተራ ሄዶ አዲስ መግዛት ይቀላል የሚሉ አሉ። ይህን ሞተር ትቶ ያገለገለ ሌላ መግዛት ነው የሚሉም አሉ፤ እነሱ ደግሞ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ጉዳይ ሲነሳባቸው ወሬ ይቀይራሉ። አንዱ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ማንሳት ጀምሮ ነበር፤ ሞተሩ ቀላል ነው፣ ዘይትም አይበላም አለ። ባትሪው ስንት ኩንታል ነው ተብሎ ሲጠየቅ ቡናው ደረሰ።

ጡረተኛው ጎረቤት ሁለተኛውን ስኒ ተቀብለው፣ የጋቢናውን ወንበር ትንሽ ወደ ኋላ አስተኙና፣ «እኔ ምልህ፣ መፍቻህ እንደተዘረጋ ነው አይደል? የቤቴ የውሃ ፓምፕ ድምፅ አብዝቷል» አሉ።

«እሱማ ፈትቶ ማየት ነው ጋሼ» አለ ባለ ሚኒባሱ፣ ከመቀመጫው እየተነሳ።