ያ በሽታ

አምስት ኪሎ ቡና ላይ ካንሰር ስም የለውም፤ «ያ በሽታ» ነው፣ እሱም በሹክሹክታ። ልጆች እንዳይሰሙ መሆኑ ነው። ጮክ ብለን ስናወራ ዞር ብሎ የማያየን ልጅ፣ ድምፃችን ዝቅ ሲል ኳሱን ጥሎ ረከቦቱ ሥር ይለጠፋል። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች የልጁንና የበሽታውን ስም ጎን ለጎን ጽፈው «ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ»ን አቋቁመዋል። ስሙን የፈራነው ምንም ያልደረሰብን ነን።

ልጅ ደግሞ ያልነገሩትን ራሱ ይሞላዋል። የጎረቤቴ ትንሹ ልጅ «ያ በሽታ ፀጉር ይበላል» ብሎ ደምድሟል። ፀጉር የሚያረግፈው መድኃኒቱ እንደሆነ፣ ቶሎ ቶሎ የሚባዛውን ሕዋስ ሲያሳድድ የፀጉርንም ሥር እንደሚመታ፣ ሕክምናው ሲያልቅም መልሶ እንደሚበቅል ማን ነግሮት? ሙዚየም ወስጄው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን ድንቅነሽን አይቶ «እሷንም ያ በሽታ ይዟት ነው?» አለኝ። የሰፈራችንን ራሰ በራ ጋሼማ ባለፉ ቁጥር «እግዜር ይማርዎት!» ይላቸዋል። ጋሼ ኮፍያ ገዝተዋል።

ለማስፈራራት ሲሆን ግን ስሙን እንደ ልብ እንጠራዋለን። «ቺፕስ ተው፣ ካንሰር ነው! ስልኩን ከትራስ ሥር አውጣ፣ ካንሰር ነው!» የዚሁ ልጅ አባት ይህን የሚሰብከው በር ላይ ቆሞ፣ ሲጋራውን እያቦነነ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከካፌ ካስወጣው ወዲህ ማጨሻው እዚያ ሆኗል። ልጁ ግን አይሰጋም፦ «አባዬ እኮ ቺፕስ አይበላም!»

ጥቁር አንበሳ ስትታከም የከረመች ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ ስትመጣ፣ ልጆቹን ሰብስበን «ካንሰር አይጋባም፣ በሲኒም በመሳምም አይተላለፍም» ብለን አስተማርን። ሲኒዋ ሁለቴ ታጠበች። ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ንጽሕና እወዳለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረውን የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት አንዷ የግቢያችን ልጅ ተከትባ መጣች። «ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው የሚያመጣው፤ መርፌው ቫይረሱን ቀድሞ ይከላከላል» አለች። እኛ ተያየን። «ያመክናል ይባላል» አልናት። «ማን አለ?» ስትል ዝም አልን፤ ከዚያው ከቡናችን የወጣ ወሬ ነበርና። ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሣች፦ «በሉ፣ እትዬ፣ ያልገባዎት ካለ ይጠይቁኝ። ጮክ ብለው ግን!»