ዱቡሻ ያልመረጠው ሀላቃ

ጀርመኖች ሁሉን ነገር አስልተው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው ይባላል፤ አንድ ነገር ግን ዘንግተዋል። ከውጭ የሚመጣ ተማሪ ለመኖር በወር 992፣ በዓመት 11,904 ዩሮ እንደሚያስፈልገው ደምድመው፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጸው ጀምሮ ይህን ያላሳየ ቪዛ አያገኝም ብለዋል። ስሌቱ የአንድ ሰው ኪራይ፣ የአንድ ሰው ዳቦ፣ የአንድ ሰው የጤና መድን ተደምሮ የተገኘ ነው። ስህተቱም እዚሁ ላይ ነው። ከአርባ ምንጭ የሚሄድ ተማሪ አንድ ሰው ነው ብሎ ማን ነገራቸው? ሲቀላ ያለው አጎት የት ገባ? ሴቻ ያለችው የአክስት ልጅና የምትጠብቀው ስልክ በየትኛው መስመር ተመዘገቡ? ጨንቻ ላይ ቆርቆሮው የሚያፈሰው የጎረቤት ቤትስ? ቀበና ያለው ኤምባሲ የቅበላ ደብዳቤ፣ የባንክ ወረቀትና የኢንሹራንስ ወረቀት ይጠይቃል እንጂ «ስልክ ቁጥርህን ስንት ሰው ያውቀዋል?» ብሎ አይጠይቅም። ይህን ጉድለት የምንሞላላቸው እኛ ነን፤ ለዚያውም ልጁ ፍራንክፈርት ባረፈ በሳምንቱ፣ ሻንጣው ሳይፈታ።

የጊዜ አመራረጣችንም ያስመሰግነናል። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የዓመቱ ትምህርት የሚጀምረው በእኛ ጥቅምት መግቢያ ላይ ስለሆነ ልጁ ብዙ ጊዜ የሚሸኘው በመስቀል ሰሞን ነው። መስቀል ምን እንደሆነ ለጋሞ ሰው አይነገርም፤ አዲስ አበባ የከረመው ሁሉ ወደ ዶርዜ፣ ወደ ጨንቻ፣ ወደ ቦንኬ የሚጎርፍበት፣ ባዶ እጅ መግባት የሚያሳፍርበት በዓል ነው። አገር ሁሉ ተሸክሞ ሲገባ ይህ ልጅ ተሸክሞ ይወጣል። ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ የሚይዙት ሁለት ሻንጣዎች በበርበሬ፣ በሽሮ፣ በቡላና በዳጣ ይሞላሉ። ከላይ የተጨመረውን ንጥር ቅቤ የአውሮፓ ጉምሩክ «የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም» ብሎ ያስቀረዋል (የዳጣውን ብልቃጥ ከፍቶ ያሸተተ ፈታሽ ካለ ግን እሱም በዕለቱ አንድ ትምህርት አግኝቷል)። እያንዳንዷ እሽግ የተሰጠችው በፍቅር ነው፤ የፍቅሩ ዋጋ የሚታወቀው በሁለተኛው ሳምንት ሒሳቡ ሲመጣ ነው። ስልኩ የሚደወለው በእኛ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ እዚያ ሌሊቱ 11 ነው፤ በጥቅምት አጋማሽ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ከመለሱ በኋላ ደግሞ 10 ይሆናል። ንግግሩ የማይዛነፍ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ብርዱ ይጠየቃል። ቀጥሎ ምግቡ። ከዚያ «ወፍረሃል አሉ» ይባላል፤ ማን እንዳለ አይነገርም። ትንሽ ዝም ተብሎ «እኔ የምልህ...» ይመጣል። መዝጊያው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ለአንተ እኮ ምንም አይደለም።»

ምንም አይደለም የተባለለት ልጅ በዚያ ሰዓት ምን ላይ እንዳለ እንይ። የጀርመን ሕግ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን እንዲያስመዘግብ ያዛል፤ አንሜልዱንግ ይሉታል። ለመመዝገብ አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን ለማግኘት ቤት ያስፈልጋል፤ ቤት ለማግኘት እስከ ሦስት ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ ይጠየቃል፤ መያዣውን ለመክፈል ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ አለ፤ ያለበት ቦታ ግን ብሎክድ አካውንት ይባላል። ይህ ሒሳብ የልጁን ገንዘብ ከልጁ የሚጠብቅ ሒሳብ ነው፤ በየወሩ እየቆነጠረ የሚለቀውም ልጁ እዚያው አገር ሌላ ተራ ሒሳብ ከከፈተ በኋላ ነው። ተራውን ሒሳብ ለመክፈት ደግሞ የምዝገባውን ወረቀት አምጣ የሚል ባንክ ሞልቷል። ለምዝገባው ተርሚን የሚሉትን ቀጠሮ መያዝ ግድ ነው፤ በትልልቆቹ ከተሞች የተርሚኑ ቀን ሁለቱ ሳምንት ካለፈ በኋላ ቢሆን የሚደነግጥ ሠራተኛ የለም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ ከገዛ ገንዘቡ ጋር በሕግ ተለያይቶ የተቀመጠ ሰው ነው። እሑድ ሱቅ ሁሉ ዝግ መሆኑን ሳያውቅ ቅዳሜ ማታ እጁን አጣጥፎ ገብቶ፣ በማግስቱ ከሻንጣው ሽሮ አውጥቶ፣ በማያውቀው ምድጃ ላይ በተዋሰው ድስት ሲያማስል ይውላል። እኛ የቆርቆሮውን ጉዳይ የምናነሣው በዚያው እሑድ ነው።

ሒሳብ አያውቁም እንዳንባል፣ ማባዛትስ እናውቃለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ከ100 ሲያልፍ፣ ማባዛቱ ይበልጥ ጣፈጠን። ዩሮውን በ150 ብር ብቻ ብንይዘው 992 ዩሮ 148,800 ብር ነው። ሲቀላ ላይ ቁጭ ብሎ ይህን ያሰላ ሰው ልጁ ከበርቴ ሆኗል ቢል አይፈረድበትም። ችግሩ ብልሃታችን ገቢው ላይ ማቆሙ ነው፤ ወጪው ጋ ሲደርስ ጣታችን ይደክመዋል። የጀርመን መንግሥት ለራሱ አገር ተማሪ ድጋፍ ሲያሰላ ለኪራይ የሚይዘው 380 ዩሮ ነው፤ ሙኒክ ውስጥ በዚህ ዋጋ ክፍል ያገኘ ዕድለኛ ይባላል፤ ይህ ብቻ 57,000 ብር ነው። የጤና መድኑ በወር ከ120 ዩሮ በላይ ነው፤ ቢያንስ 18,000 ብር። ቴሌቪዥን ኖረም አልኖረም እያንዳንዱ ቤት ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን በወር 18.36 ዩሮ ይከፍላል፤ ላላየው ዜና 2,754 ብር መሆኑ ነው። ዕጣው ባደን ቩርተምበርግ ወደሚባለው የጀርመን ክፍለ ግዛት ያደረሰው ተማሪ ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በመምጣቱ ብቻ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ የትምህርት ክፍያ አለበት። ዶነር ተገዝቶ ሲበላ በእያንዳንዱ ጉርሻ ስንት ብር እንደወረደ የሚያባዛ ዘመድ እስካሁን አልተገኘም።

«ቤተሰቡ ከፍሎለት አይደል የሄደው? ውለታውን ቢመልስ ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። ከክርክሮቹ ሁሉ የከበደው ይህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። ልጁ በእነዚያ ሳምንታት ያለው ገንዘብ ከሁለት ቦታ በአንዱ የመጣ ነው። አንዱ ስኮላርሺፕ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተጀመረ ነው፤ በዚሁ በውኃው ዘርፍ ከጀርመኑ ዚገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የቆየ ትብብር አለው፤ ስለዚህ ዳአድ የሚባለው የጀርመን የነፃ ትምህርት ድርጅት ለከተማው እንግዳ ስም አይደለም። ዳአድ ለማስተርስ ተማሪ የሚሰፍረው ያንኑ 992 ዩሮ ነው፤ አንድ ሰው ጾሙን እንዳያድር ተለክቶ የተሰፈረ። ሁለተኛው መንገድ ቤተሰቡ ከላንቴ ሙዝ ማሳው፣ ከዕቁቡና ከዘመድ ብድር አሰባስቦ ብሎክድ አካውንት ውስጥ ያስገባው ነው። እንግዲህ የምንጠይቀው ወይ የልጁን እራት ነው፣ ወይ የራሳችንን ገንዘብ ነው። የራሳችን ገንዘብ ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ ላይ የባንክ ኮሚሽን ከፍሎ፣ ጀርመን ደርሶ ታስሮ፣ በቁንጥር ተፈትቶ፣ በሐዋላ ሁለተኛ ኮሚሽን ከፍሎ ሲቀላ ይመለሳል። ብሩን እዚሁ አስቀርተን ለራሳችን ብንሰጠው ሁለቱም ኮሚሽን ይተርፍ ነበር፤ ነገር ግን «ከጀርመን ተላከልኝ» ማለት ይቀራል፤ ይህ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ልጁ በበኩሉ የመኖሪያ ፈቃዱን ሲያሳድስ የመጪውን ጊዜ መተዳደሪያ አሳይ ይባላል። ያኔ ገንዘቡ ጨንቻ ላይ ጣሪያ ሆኗል፤ ከውጭ ዜጎች ቢሮ መስኮት ደግሞ ጨንቻ አይታይም።

«መላክ ባህላችን ነው፤ የጋሞ ሸማኔ ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ አይደል እንዴ አገሩን ያቆየው?» ይላል ሌላው። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህ ከራሱ ከባህሉ ጋር እንነጋገር። ሽሮ ሜዳ የሄደው ሰው መጀመሪያ ለሌላው ማግ አጠነጠነ፤ ከዘመድ አጠገብ ሽመና ጉድጓድ ገብቶ እጅና እግሩ እስኪግባቡ ተማረ፤ ከዚያ የራሱን ሸማ ሠርቶ ሸጠ፤ ለመስቀል በሬ መዋጮ የላከው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። (የዚያ መንገድ ታሪክ ሁሉ ንጹሕ ነው አልልም፤ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ከደጋው እየተወሰዱ ሸማ ላይ የተንገላቱበትም ነው፤ እሱን ባህል ብሎ የሚሟገት ካለ ከእኔ ጋር አይደለም።) ድር ያልዘረጋ ልጁን ጋቢ የጠየቀ አባት ግን አልተሰማም። ደግሶ የሚሾመውን የባህል ሹም፣ ሀላቃውንም ማንሣት ይቻላል። በጋሞ ደጋ ሀላቃ የሚሾመው ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ አደባባይ ላይ ተመክሮበት፣ ሰውየው ታይቶ ነው። ድግሱ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ዘመድ ያግዘዋል፤ ድግሱም ማለቂያ አለው፤ ሲያልቅም ለደጋሹ ክብር ይቀርለታል። የእኛ ተማሪ ሀላቃነቱን የሰማው በስልክ ነው። አልተመከረበትም፤ አልተጠየቀም፤ የሚያግዘው የለም፤ የሚሻርበት ቀን አልተቆረጠለትም። ድግሱን ያጓደለ ዕለት የሚሰጠው ማዕረግ ብቻ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ «ተለወጠ» ይባላል።

ደቡብ አፍሪካ የሄደው የሆሳዕና ልጅ ቶሎ መላኩን የሚያነሡም አሉ። እሱ የሄደው ሊነግድ ነው፤ ይህኛው ሊማር። ጀርመን ለውጭ ተማሪ የምትፈቅደው በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለዚያም የግብር ቁጥሩ ከአድራሻ ምዝገባው በኋላ በፖስታ እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ምዝገባው ደግሞ ተርሚን ላይ መሆኑን አይተናል። «ታዲያ መኪና ተደግፎ የተነሣው ፎቶስ?» ለሚለው ግን መልስ የለኝም፤ እዚህ ላይ ልጁን የሚያድነው ጠበቃ አይገኝም። መኪናው የማያውቀው ሰው ነው፤ ጃኬቱ ሰልባጅ ነው፤ ከኮሎኝ ካቴድራል ፊት ፈገግ ያለው እናቱን ደስ ይበላት ብሎ ነው፤ ፎቶውን ግን እናቱ ብቻ አላየችውም። የገዛ አበዳሪውን በገዛ እጁ ጠርቷል። በዚህ በኩል አባ ጎርጎርዮስ ዕድለኛ ነበሩ። የመካነ ሥላሴው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ገብተው በከተማዋ መስፍን ቤተ መንግሥት ከጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ሲቀመጡ ፎቶ የሚለቅ አልነበረም፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ደውሎ ስለ ጣሪያ ያነሣባቸውም የለም። ውጤቱም ይታያል፤ ሉዶልፍ የግእዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ለማሳተም በቃ። ስልክ ቢኖር ኖሮ ከግስ ርባታው መካከል ስንቱ ይቀር እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ልማዱን ማስቀረት እንደማይቻል ከታወቀ፣ ቢያንስ በጀርመን ደንብ ይመራ። ሲቀላ ገበያ አጠገብ አንድ ቢሮ ይከፈት። ጠያቂ ሁሉ ከመደወሉ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ ተርሚን ይያዝ። ሲቀርብም የዝምድና ማስረጃ፣ ለሽኝቱ ያመጣው በርበሬ የተመዘነበት ደረሰኝ፣ እንዲሁም ልጁ አሥረኛ ክፍል ሳለ «ይሄ የትም አይደርስም» ብሎ እንደማያውቅ የሚያረጋግጡ ሦስት ምስክሮች ይዞ ይምጣ። ቅጹ በጀርመንኛ ብቻ ይሞላ፤ አንድ ፊርማ ከጎደለ በአዲስ ተርሚን ይመለስ። በጀርመን ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ጎረቤት መረበሽ ክልክል ስለሆነ በዚያ መካከል የደወለ ሰው ማመልከቻው ይሰረዝ። ጥያቄው የጸደቀለት ደግሞ ገንዘቡ በስሙ ብሎክድ አካውንት ውስጥ ይቀመጥለትና በቁንጥር ይለቀቅለት፤ ለጣሪያ ለጠየቀ በወር አንድ ቆርቆሮ፣ ምስማሩ በሚቀጥለው ዓመት። አይፎን የሚጠይቁት ብዙ ስለሆኑ ከሌላው ሰው ጋር እንዳይጋፉ የራሳቸው መስኮት ይኑራቸው፤ እሱም ያለ ምሳ ዕረፍት ቀኑን ሙሉ በጀርመን የሱቅ ሰዓት ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ብቻ።