ጉድጓዱን አስጨርሱት

«የሚፈስ የነዳጅ ጉድጓድ ለግፊት ልኬት ተብሎ ይዘጋል? የተዘጋ ቀን የከሰረ ቀን ነው!» ይላል ሥራ አስኪያጁ።

የከሰረስ ከምን እንደሚቀዳ ሳያውቅ የሚቀዳ ነው!

ኢራቅ ውስጥ፣ ኪርኩክ አጠገብ፣ ባባ ጉርጉር ላይ፣ በጥቅምት 1927 እ.ኤ.አ. የፈነዳው ጉድጓድ እስኪገታ ድረስ በቀን ወደ 95 ሺህ በርሜል ተፍቷል። ያን ሁሉ ያጣደፈው በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ስንጥቅ ነው። ጎተራው ድንጋዩ፣ መንገዱ ስንጥቁ።

«እንግዲያው ናሙና አውጥተን በቤተ ሙከራ እንለካዋ!»

ለካ፣ ማን ከለከለህ? ግን ናሙናህ መዳፍ የማይሞላ ቁራጭ ነው። ስንጥቅ ያለበት ቁራጭ ሲወጣ ይፈረካከሳል፤ አለዚያም መሰርሰሪያው ስንጥቁን ስቶት አልፏል። ጉድጓዱ ግን በየቀኑ አፍ አውጥቶ ይናገራል፤ ስንት በርሜል ሰጠ፣ ግፊቱ ስንት ወረደ፣ ውኃው መቼ ገባ፣ ጎረቤቱ ሲዘጋ ምን ተሰማው። አንተ ግን በመዝገብህ ላይ የግፊቱን ዓምድ የትናንቱን ቁጥር ገልብጠህ ትሞላዋለህ!

ተመራማሪዎቹ ዋረንና ሩት በ1963 እ.ኤ.አ. ነገሩን ቁልጭ አድርገው አሳይተዋል። ጉድጓዱ ሲዘጋ መጀመሪያ ግፊቱ የሚያገግመው በስንጥቁ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ድንጋዩ የያዘውን ወደ ስንጥቁ ሲለቅ የግፊቱ መስመር ለዘብ ይላል፤ በኋላ ሁለቱ አንድ ላይ ሲነሱ ከመጀመሪያው ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ይወጣል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ከክምችቱ ምን ያህሉ በስንጥቁ እንደሆነ ይናገራል። ቸኩለህ ከከፈትከው የሰማኸው ስንጥቁን ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ገና ተራው አልደረሰም። አስጨርሰው እንጂ!

«ኦዴህ በ1965 እ.ኤ.አ. የተሰነጠቀውም ድንጋይ በልኬቱ ስንጥቅ እንደሌለው ሊመስል ይችላል ብሎ የለ?»

ብሏል፤ ልክም ነው፣ ሁለቱ መስመሮች ሁልጊዜ አይታዩም። ለዚህ ነው በአንድ ልኬት አትፍረድ የምልህ። የዓመታቱን የምርት መዝገብ ዘርጋ፣ የጎረቤት ጉድጓዶችን ጨምር፣ ሁሉም የሚስማሙበትን ፈልግ።

«እስከዚያው ቫልቩን ልልቀቀው?»

ልቀቀው! ከሥር ያለው ውኃ በስንጥቁ ሽቅብ ወጥቶ ይቀድምሃል፣ ነዳጁም ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል። ያኔ የተዘጋው ቀን ስንት ያወጣ እንደነበር በውኃው በርሜል ቁጠረው።