ክዳኑ አይከፈት

የአዲስ አበባ ሰው የቧንቧ ውሃውን ለማሻሻል የማያደርገው ነገር የለም፤ ሮቶውን ከማጠብ በቀር።

እኔም አንዱ ነኝ። ሮቶዬ ጣሪያ ላይ ከወጣ ዘጠኝ ክረምት አልፎታል፤ ዘጠኙንም ውስጡን ሳላየው በሰላም ኖሬያለሁ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? ያላዩት ሮቶም አይቀፍም። ሮቶ ጥቁር የሚሆነው ብርሃን እንዳይገባና አልጌ እንዳያበቅል ነው ይላሉ። እኔ ግን የባለቤቱን ክብር ለመጠበቅ ነው ባይ ነኝ።

ውሃው እኛ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ተለፍቶበታል። የለገዳዲና የገፈርሳ ግድብ ውሃ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ተጨምሮበት ነው ወደ ከተማ የሚላከው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ውሃው ቤት ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን ይኑርበት ይላል፤ መንገድ ላይ ጀርም ቢገጥመው ስንቅ እንዲሆነው። እኛ ግን ሽታው ያስከፋናል። «ኬሚካል አበዙበት» እያልን ሮቶ ውስጥ እናስተኛዋለን፤ ከደለሉ ጋር ሁለት ሦስት ቀን ሲከርም ስንቁን ጨርሶ፣ ምንም የማይሸት የዋህ ውሃ ሆኖ ይወርድልናል።

ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ሲደርስ ታዲያ ማን ይታገሣል? ፓምፕ በቀጥታ የመንገዱ መስመር ላይ እንገጥማለን። ግፊት በሌለው መስመር ላይ ፓምፕ ሲስብ፣ ቧንቧው በተሰነጠቀበት ሁሉ ያገኘውን ይምጋል፦ የቦይ ፍሳሽ፣ የተቆፈረ መንገድ ጭቃ፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሰረገውን ጭምር። ደግሞ ብቻችንን አንበላውም፤ በዚያው መስመር ያለ ጎረቤት ሁሉ ይካፈለዋል። ማኅበራዊ ኑሯችን ጠንካራ ነው የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ማጣሪያ አለህ ወይ ለሚለኝ፣ የቧንቧው አፍ ላይ የታሰረችውን የነጠላ ቁራጭ አሳየዋለሁ። በየፋሲካው ትቀየራለች። አንዲት ጃርዲያ የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ብታህል ነው፤ በጨርቋ ቀዳዳ እንደ ሰርገኛ ተሰልፋ ታልፋለች። አሸዋውን ግን ትይዛለች፤ አሸዋ ታይፎይድ አምጥቶ ባያውቅም።

አፍልቶ የሚጠጣ ጠንቃቃም አለ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ለዚህ ነው ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ሦስት ደቂቃ ይንፎልፎል የሚባለው። ጠንቃቃው ማንቆርቆሪያው ድምፅ ሲያሰማ ያወርድና፣ ውስጡ አረንጓዴ ባወጣ ጄሪካን ይገለብጠዋል። እንግዳ የመጣ ዕለት ደግሞ ሱቅ ተሮጦ ሃይላንድ ይገዛል። እንግዳው የታሸገ ውሃውን እየተጎነጨ በሮቶ ውሃ የታጠበ ሰላጣ ይበላል።

ባለፈው ወር የሮቶው ተንሳፋፊ ኳስ ተበላሽቶ ውሃ በጣሪያው ላይ ሲወርድ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። ወጣ፤ ክዳኑን ገለጠ፤ ዝም አለ።

«ምነው?» አልኩት ከታች ሆኜ።

«ጋሼ፣ ይሄን ውሃ ትጠጡታላችሁ?»

ክዳኑ ለካ አንድ ጎኑ ተሰብሮ ኖሯል። ውሃውን ለቆ ከሥሩ የዛቀው ጭቃ የሻይ ቅጠል ዝቃጭ ይመስላል። አብረውት የርግብ ላባና የልጄ የቴኒስ ኳስ ወጡ። ኳሷን የጎረቤታችን የልጅ ልጅ ወስዷት ነው ብለን ሁለት ሳምንት ተኳርፈን ነበር።

ግማሽ ቀን በብሩሽና በበረኪና ፈትጎ፣ ደጋግሞ አለቀለቀው። በማግስቱ ውሃው ጠርቶ፣ ክሎሪን ክሎሪን እየሸተተ ሲመጣ ባለቤቴ አንዴ ቀመሰችና ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ይሄ ውሃ ደግሞ ምን ነካው?»

ሥራውን በአጥር ላይ ሲታዘቡ የዋሉት ጎረቤታችን፣ ሠራተኛው መሰላሉን ተሸክሞ ሲወጣ ጠሩት። ደስ አለኝ፤ ሰው ከሰው ይማራል አልኩ በልቤ።

«ልጄ፣ የኔም ሮቶ ያንጠባጥባል።»

«እሺ አባባ፣ ወጥቼ ከፍቼ ልየው?»

«ኧረ ክዳኑን እንዳትነካብኝ! ከውጭ ብቻ አጥብቀው።»