የቤዝ ጊታር አመራረጥ፦ ከአባይ ማዶ እስከ ሽምብጥ የተደረገ ምልከታ

የባሕር ዳር አማተር ቤዚስት (ከዚህ በኋላ «ተጠኚው» ይባላል) ከሌሎች ሙዚቀኞች በአንድ ዐቢይ ጠባይ ይለያል። ስለ ቤዝ ጊታር ያለው ዕውቀት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ቤዝ ጊታር ሳይኖረው ነው። ጣና ዳር ቡና አዝዞ እንደተቀመጠ፣ ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን በ1951 እ.ኤ.አ.፣ ጃዝ ቤዝን ደግሞ በ1960 ለገበያ ማውጣቱን፣ የአንደኛው አንገት ወፈር፣ የሌላው ቀጠን ማለቱን ሳይጠየቅ ያስረዳል። ጊታሩ እጁ የገባለት ሰው ግን ሲጠየቅ «ደህና ነው፣ ይሠራል» ብሎ ወሬ ይለውጣል።

ማማረጡ የሚካሄደው በስልክ ነው። ተጠኚው ፓኬጅ ገዝቶ፣ አንድ ፈረንጅ ሁለት ቤዝ እያፈራረቀ ሲመታ ያያል። የቤዝ ወፍራሙ ክር ጣት ሳያርፍበት ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የስልክ ስፒከር ይህን ያህል የወረደ ድምፅ የማውጣት አቅም የለውም። ጆሮ የሚደርሰው የጣትና የክር መፋተግ፣ ከዚያም የላይ የላዩ ድምፅ ብቻ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ ልዩነት አልሰማሁም ያለ ተጠኚ አልተገኘም። «ይኼኛው ሞቅ ይላል» የሚለው ብያኔ ድምፁ ጭራሽ ተዘግቶ በነበረ ስልክ ላይ የተሰጠበት አጋጣሚም ታይቷል።

የመጨረሻው ውሳኔ ግን የሻንጣ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በአንድ ሻንጣ የሚፈቀድለት 23 ኪሎ ሲሆን ቤዙ ከቫይታሚን፣ ከሽቶ፣ ከሙሽራ ጫማና ከአያት መነጽር ጋር ተወዳድሮ ማለፍ አለበት። የፌንደር ዓይነት ቤዝ አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚያያዘው በ4 ብሎን ነው፤ ተፈትቶ ሻንጣ ውስጥ አግድም ይገባል። የዘርፉ ሊቃውንት ይህ የተደረገው ለማምረትና ለመጠገን እንዲቀል ነው ይላሉ። ይህ ጥናት በበኩሉ ሊዮ ፌንደር ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን አክስት አስቦ ነው የሚል አቋም አለው። አንገቱና አካሉ ወጥ የሆነው ውድ ቤዝ በከተማችን እምብዛም የማይታየው በድምፁ ጉድለት አይደለም። አይታጠፍም።

ከቤዙ ጋር አምፕሊፋየር ያስላከ ተጠኚ ሌላ ምዕራፍ ይገጥመዋል። የአሜሪካ ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ሶኬት 220 ነው። አምፑ ዲቫይደር ላይ በተሰካበት ቅጽበት፣ የትኛውም ፔዳል ሊያስመስለው ያልቻለ አንድ ድምፅ ያሰማል፣ ጥቂትም ይጨሳል። ድምፁን መድገም ስለማይቻል ጥናቱ አልቀዳውም።

ወደ ኢፌክት እንለፍ፤ በዚህ ረገድ የጣና ዳርቻ ከዓለም ቀድሟል። በፋብሪካ የተመረተው የመጀመሪያው የፈዝ ፔዳል፣ ማኤስትሮ የተባለው፣ የወጣው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። በገና ግን አውታሩ ከመቀመጫው በሚነካበት ቦታ ላይ እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ እየተደረገበት፣ ያንኑ እዝዝ የሚል ወፍራም ድምፅ ከጥንት ጀምሮ ሲያወጣ ኖሯል። ባትሪ አልጠየቀም፤ መብራት ሲጠፋም ድምፁ አልተቋረጠም። ንጉሥ ዳዊት በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በገናውን ይዞ ሲሳል ከእግሩ ሥር ፔዳል አለመኖሩን ልብ ይሏል።

በገና የባለ አምስት ክር ቤዝንም ክርክር ይፈታል። አሥር አውታር ቢኖረውም ደርዳሪው ሁሉንም አይመታም፤ ከፊሎቹ ጣት ማሳረፊያ ናቸው። ባለ አምስት ክር ቤዝ የገዙ ተጠኚዎችም በምልከታችን አምስተኛውን ክር የተጠቀሙት አውራ ጣት ለማሳረፍ ነው። ትውፊቱ አልተቋረጠም ማለት ነው። (ለዚህ ማሳረፊያ የተጨመረው ዋጋ ግን ጣትን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም የሚያሳርፍ ነው።)

አሁን፣ ይህ ሁሉ መሣሪያ ተሟልቶ ሲመታ ማን ይሰማዋል? ያ 41 ጊዜ የሚርገበገበው ድምፅ አንዱ ሞገዱ ከ8 ሜትር ይበልጣል። የኪራይ ክፍሉ አራት በአራት ነው። ዝቅ ያለ ድምፅ ብሎኬት አያቆመውም፤ ተጠኚው ክፍሉ ውስጥ «ቤዙ አልወጣም» እያለ ሲጨምር ቤዙ ወጥቶ ጎረቤት ደርሷል። በመሆኑም ስለ ቤዝ ድምፅ ጥራት ሙያዊ አስተያየት ለመስጠት ብቁ የሆነው ሰው ከግድግዳው ማዶ የተኛው ነው። አስተያየቱም በተደጋጋሚ ተሰጥቷል፤ በአከራይ በኩል።

በሠርግ ላይ ሥራ ይገኛል ብሎ የሚያስብ ካለ የኪቦርዲስቱን ግራ እጅ ይመልከት። ቤዙን እሷው ትጨርሰዋለች፣ የምትበላውም ያው የአንድ ሰው ራት ነው። ተጠኚው በዚህ ተናዶ ወደ ሮሃ ባንድ ካሴቶች ይመለሳል፤ ጆቫኒ ሪኮ የት ገብቶ የት ዝም እንዳለ በጣቱ ጠረጴዛ እየመታ ይከተላል። በዚህ ጥናት ውስጥ ተጠኚው ሙዚቃ ሲጫወት የታየው፣ ያለ ጊታርም ቢሆን፣ ያኔ ነው። ጊዜውንም ስቶ አያውቅም።

ለጥምቀት የመጡ አንድ አጎት ጉዳይ ግን ሳይመዘገብ አይታለፍም። የእህታቸው ልጅ «ጋሼ፣ ቤዝ ጊታር ነው የምልዎት፣ ባለ አራት ክር» እያለ ዓመቱን ሙሉ ሲያስታውሳቸው ከርሟል። ሻንጣው ተከፈተ፤ ከካልሲዎቹ ሥር የወጣው ባለ ስድስት ክር ጊታር ነው። አጎትየው ፈገግ ብለው «አራት አልከኝ፤ እኔ ግን ለአንተ ልሰስት? ይኸው ሁለት ክር ጨምሬ አመጣሁልህ» አሉት። ልጁ ጉልበት ስሞ ተቀብሏል። በዚያው ምሽት የሊድ ጊታር ፔዳሎችን ማወዳደር ጀምሯል።