ቁርጥ የሌለበት ዐውደ ጥናት አይጸድቅም

ዲላ ላይ ስለ አካባቢ ጥበቃ ዐውደ ጥናት ለማካሄድ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከጥናቱ በፊት በሬውን አስቡ። ጥናቱ ቢዘገይ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይደርሳል፤ ቁርጡ ከዘገየ ግን ተሳታፊው አበሉን ፈርሞ ሐዋሳ ገብቷል።

ባነሩ ላይ ፎቶ አይጥፋ፦ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው ቡና፣ ከቡናው ጎን እንሰት። አቅራቢው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ መመዝገቡን ያብሥር። በአንዳንድ ወረዳዎች በካሬ ኪሎ ሜትር ከ1,000 በላይ ሰው እየኖረ ዛፉ እስካሁን አለማለቁን ይንገረን፤ ምስጢሩም ከጠባብ ማሳ ብዙ አፍ የሚመግበው እንሰት መሆኑን ያስረዳ። እናጨበጭባለን። ከዚያ ምሳ።

እንሰቱን ያወደሰው አፍ አሁን ሻኛ ይጠይቃል። ቆጮው ቀርቧል፤ ግን ከክትፎው ጥግ ተጣጥፎ፣ ቅቤ ማበሻ ሆኖ። ከጾሙ ረድፍ ሽሮና ጎመን ያነሣ ሰው ቢገኝ፣ ጎረቤቱ በአዘኔታ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ይለዋል። የቁርጡ ኪሎ ስንት እንደገባ መጠየቅ ነውር ነው፤ ደረሰኙ የፕሮጀክቱ ነዋ!

«ሥጋችን እኮ የተፈጥሮ ነው» ይላሉ አዋዜውን እያስጠጉ። «በሬው ሣር በልቶ ያደገ የቦረና በሬ ነው፤ ፈረንጅ በውድ ዋጋ የሚፈልገው ዓይነት!» እውነት ነው። በሬው በሞያሌው መንገድ ወደ ላይ ሲመጣ ግን ሣሩ ከየት እንደሚበቅል አልነገራቸውም። እዚያው ቦረና ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ከብቱ በየሜዳው አለቀ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ዘገባ፣ የሰው ልጅ ከሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ 14.5 በመቶው ከእንስሳት ሀብት የሚመጣ ነው ብሏል። ይህ ቁጥር ከሰዓት በኋላ ይቀርባል፤ ያኔ አዳራሹ በሙሉ እያንቀላፋ ነው።

ባሕር ማዶ ያሉ ባለጸጎች አተር በፋብሪካ አሽተው ሥጋ የሚመስል ነገር እየሠሩ በውድ ይገዛሉ። እኛ እንደሆንን ሥጋ የማያስፈልገውን ማዕድ ከአያቶቻችን ወርሰን፣ እንግዳ ሲመጣ እንደብቀዋለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው። ገበሬውም ከእኛ ተምሯል፤ እሸት ቡናውን በሸጠ ማግስት፣ ለእንግዳ ቡላ ማቅረብ አሳፍሮት ተበድሮ ቅርጫ ይገባል።

ለመሆኑ ዘላቂ የከብት እርባታ የምንለው ነገር አለ? አለ፤ ከአዳራሹ ወጥታችሁ ወደ ወናጎ ወይም ወደ ቡሌ ብትሄዱ ታዩታላችሁ። ከቤቱ ጓሮ አንዲት ላም ታስራለች። የእንሰት ቅጠል ይቆረጥላታል፤ እበቷ ተመልሶ የእንሰቱን ሥር ያለብሳል፤ ወተቷ ለልጆች ነው። ባለቤቲቱ ዓመታት ጠብቃ የደረሰውን እንሰት ጥላ፣ ግንዱን ሳንቃ ላይ በእግሯ ይዛ ትፍቃለች፤ የፋቀችውን በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ታብላላለች። እዚያ ቤት ሥጋ የሚበላው በዓል ሲሆን ነው። ላሚቱ ማሳውን ታገለግላለች እንጂ ማሳው ለላሚቱ አይመነጠርም። የቦረና አርብቶ አደርም ቢሆን ከብቱን የሚይዘው በዋናነት ለወተቱ ነው፤ በየስብሰባው የሚያርድ አርብቶ አደር በጎቹም በሬዎቹም ባልተረፉት ነበር።

ስለዚህ ሥጋ ይቅር አልልም፤ ሥጋ ወደ በዓሉ ይመለስ እላለሁ። አዘጋጆች ሆይ፣ የሚቀጥለውን ምሳ ከዚያች ሴት ግዙ፦ ቆጮ በጎመን፣ የቡላ ገንፎ፣ መጨረሻ ላይ ቡና። ወጪያችሁ ይቀንሳል፤ የምትከፍሉትም ብር እዚያው ጌዴኦ ይቀራል።